ቅመም ያልገባበት ሻይ ጣዕሙ ምኑ ላይ ነው?

የአራት ኪሎዋ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ያደግኩት ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል በገባበት ሻይ ነው። ሻይ ሲባል የሚመጣልኝ እሱ ነው፤ ትኩስ፣ በብርጭቆ፣ ስኳሩ ደህና አድርጎ የገባበት። በቅርቡ የአጎቴ ልጅ ለሥራ ቻይና ሄዶ ሲመለስ አረንጓዴ ሻይ ይዞልን መጣ። ቤት ውስጥ እንደለመድነው በራድ ጥደን አንተከተክነው። መረረ! እናቴ አንዴ ቀምሳ "ይሄማ መድኃኒት ነው" አለችና ተወችው። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ይምላል፤ እዚያ ሲጠጣው ምንም አይመርም፣ እንዲያውም መጨረሻው ጣፈጥ ይላል፣ ሰዎቹም ስኳር የሚባል ነገር አጠገቡ አያደርሱም ይላል።

እናንተ ብዙ አገር ያያችሁ፣ ወይም ስለ ሻይ የምታውቁ፣ እስኪ ንገሩኝ። ሻይ ያለ ቅመምና ያለ ስኳር የራሱ ጣዕም አለው? ሌላው ዓለምስ እንዴት ነው የሚጠጣው? የእኛ ቅመም ከየት እንደመጣ፣ ሌሎችም እንደኛ ቅመም ይጨምሩ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ዝም ብዬ "የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን ሻይ አንችልበትም" የሚለውን መልስ መቀበል አልፈልግም።

ከቦንጋ ወዲህ

እህቴ፣ የመረረው ስለተንተከተከ ነው፤ ሻዩ ምንም አላጠፋም። ግን ከሥሩ እንጀምር።

አረንጓዴውም፣ ጥቁሩም፣ ነጩም፣ ቻይኖች ኡሎንግ የሚሉት መካከለኛውም አንድ ተክል ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ለረጅም ዘመን ጥቁርና አረንጓዴ ሻይ የተለያዩ ተክሎች ይመስሏቸው ነበር፤ ሮበርት ፎርቹን የሚባል የእጽዋት ባለሙያ በ1840ዎቹ ቻይና ገብቶ በዓይኑ አይቶ አንድ መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ። ልዩነቱ የሚመጣው ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ በሚደረግለት ነገር ነው።

እኔ ያደግኩት ከፋ ውስጥ፣ ውሽውሽ የሻይ እርሻ አቅራቢያ ነው፤ ዘመዶቼ ለቃሚዎች ነበሩ። የሚለቀመው ጫፉ ላይ ያለው እምቡጥና ከሱ ቀጥለው ያሉት ሁለት ለጋ ቅጠሎች ናቸው። ተክሉ ዝም ከተባለ ዛፍ ይሆናል፤ በወገብ ቁመት እየተገረዘ የሚያዘው ለለቃሚ እንዲመችና ለጋ ቅጠል ቶሎ ቶሎ እንዲያወጣ ነው። ከዚያ ጥቁር ሻይ የሚሠራ ከሆነ ቅጠሉ ይሰጣል፣ ሰዓታት ወስዶ ይጠወልጋል፣ ማሽን ይቆራርጠዋል፣ ጭማቂው ወጥቶ አየር ሲያገኘው ተልጦ እንደቆየ ሙዝ እየጠቆረ ይሄዳል። መዓዛውና ቀለሙ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። ሲበቃው በሙቀት ይደርቃል። አረንጓዴ የሚሠራ ከሆነ ግን ገና ሳይጠቁር ቶሎ ይሞቃል፤ ቻይኖች በብረት ድስት ያምሱታል፣ ጃፓኖች በእንፋሎት ያበስሉታል። ሙቀቱ መጥቆሩን ያስቆመዋል፣ ቅጠሉም አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከአራት ኪሎ በላይ እርጥብ ቅጠል ይለቀማል፤ ይሄን ሥራ ያየ ሰው ሻይ ሲደፋ ዝም ብሎ አያይም።

ሱቅ የምታገኚው ደቃቅ ሻይ ደግሞ አብዛኛው የሚሠራው ቅጠሉን በጥርሳም ሲሊንደሮች መካከል አሳልፎ በሚፈጭ ዘዴ ነው። ዘዴው በ1930ዎቹ ሕንድ፣ አሳም ውስጥ የተፈለሰፈ ነው። ቶሎ ቀለም ይሰጣል፣ ይወፍራል፣ ወተትና ስኳር ይችላል። ኬንያ ከምታመርተው አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ ጥቁር ሻይ ወደ ውጭ በመላክም ከዓለም አንደኛ ናት። እንዲህ ያለው ሻይ ባዶውን ሲጠጣ ጠንካራ ነው፤ ስለዚህ ቅመምና ስኳር ይመቸዋል። ባዶውን ለመጠጣት ከፈለግሽ ቅጠሉ ያልተፈጨ፣ ሙሉውን የተጠቀለለ ሻይ ፈልጊ። የሻይን የራሱን ጣዕም የምታገኚው እዚያ ነው። የአበባ፣ የማር፣ የሣር፣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው አለ፤ ምንም አልተጨመረበትም እኮ፣ ቅጠሉ ብቻ ነው።

ሳራ ዘዱባይ

ስለ ቅመሙ እኔ ልመልስ። ቅመም የምንጨምረው እኛ ብቻ አይደለንም። እዚህ ገልፍ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ከረክ ያውቃሉ፤ የታወቀ ነው። ወፍራም ደቃቅ ሻይ፣ የቆርቆሮ ወተት፣ ስኳርና ሄል፣ አንዳንዴ ሳፍሮን፣ አንድ ላይ እስኪጠቁር ይንተከተካል። መኪና አቁመህ ክላክስ ታደርጋለህ፣ ልጁ በወረቀት ኩባያ ያመጣልሃል። ይሄን ያመጡት የሕንድና የፓኪስታን ሠራተኞች ናቸው፤ ዛሬ የአገሬው ሰው የራሱ መጠጥ አድርጎታል።

የሚገርመው ግን ሕንድ ራሷ ናት። ሰው ሕንድ ከጥንት ጀምሮ ሻይ ስትጠጣ የኖረች ይመስለዋል። አሳም ውስጥ ተክሉ በዱር ይበቅል ነበር፣ ሲንግፖ የሚባሉት ሕዝቦችም ይጠጡት ነበር፤ ብዙው ሕንዳዊ ግን አይጠጣም ነበር። እንግሊዞች እርሻውን ያስፋፉት ለራሳቸው ገበያ ነው፤ የአሳም ሻይ ለንደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በጨረታ የተሸጠው በ1839 ነው። ለሕንዳውያኑ ለመሸጥ በሰፊው የተነሱት በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ በፋብሪካዎች የሻይ እረፍት እንዲኖር ገፋፉ፣ በባቡር ጣቢያዎች ሻይ ሻጮች አሰማሩ። ሻጮቹ ደግሞ ብልሆች ነበሩ። ቅጠሉ ውድ ነው፤ ወተት፣ ስኳር፣ ዝንጅብልና ሄል ሲጨመርበት በትንሽ ቅጠል ብዙ ሻይ ይወጣል፣ ጣዕሙም ይደምቃል። የሻይ ኩባንያዎቹ ሰዎች ቅጠል እየተቆጠበ ነው ብለው አልወደዱትም ነበር፤ ሕዝቡ ግን ወደደው። ዛሬ ዓለም "የሕንድ ሻይ" የሚለው ያንን ነው።

ስለዚህ ቅመም ያለበት ሻይ ከባዶው ያነሰ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ እኔ አልቀበለውም። ቅመም የመጣው ውድ ነገርን ለሁሉም ለማዳረስ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የድሮ የካርኮቭ ተማሪ

ልጆች፣ ደስ የሚል ወሬ ጀምራችኋል። እኔ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት አንዱ ነኝ። የሻይ ፍቅሬ እዚያ ነው የጀመረው፤ ስለ ሩሲያ የጻፈ ስላላየሁ እኔ ልጨምር።

ሩሲያኖች ሻይ በሁለት ደረጃ ነው የሚያዘጋጁት። መጀመሪያ በትንሽ የሸክላ ማፍያ በጣም ወፍራም ሻይ ይነክራሉ፤ ያንን ዛቫርካ ይሉታል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ከሱ ጥቂት ይቀዳና በሙቅ ውሃ ይቀጠናል። ወፍራም የሚወድ ብዙ ያስቀዳል፣ ቀጭን የሚወድ ትንሽ፤ ከአንድ ማፍያ ሁሉም የወደደውን ያገኛል። ውሃውን ቀኑን ሙሉ የሚያሞቀው ሳሞቫር ነው፣ መሃሉ ላይ ከሰል የሚገባበት፤ የታወቀው የሚሠራው ቱላ ከተማ ነው። እኛ ማደሪያችን ውስጥ የነበረን የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ነው፣ ዘዴው ግን ያው ነው።

ስኳሩንም ብዙ ጊዜ ውስጡ አይጨምሩም። በአፍ ይዘው ሻዩን ይምጉበታል፣ ወይ ደግሞ የፍራፍሬ ማርማላታ በማንኪያ እየቀመሱ ይጠጣሉ። ረጅም የባቡር ጉዞ ላይ ሴትየዋ በብረት መያዣ ውስጥ በተቀመጠ ብርጭቆ ሻይ ይዛ ትመጣለች፤ ውጭው በረዶ ነው፣ ውስጡ ሻይ። ያኔ የምንጠጣው አብዛኛው የጆርጂያ ሻይ ነበር፤ ደረጃው የወረደ ነበር ቢባልም እኔ ወድጄው ነበር።

ከቻይና ወደ ሩሲያ ሻይ የሚመጣው በግመልና በጋሪ ተጭኖ፣ ኪያኽታ በምትባል የድንበር ከተማ በኩል ብዙ ወራት ተጉዞ ነበር። ለጉዞ እንዲመች ተጨምቆ እንደ ጡብ የተሠራ ሻይም ነበር። ቲቤቶች እስከ ዛሬ ያንን የጡብ ሻይ ፈርፍረው አፍልተው፣ በቅቤና በጨው ንጠው ይጠጡታል። ፈረንጅ ይሄን ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ቡና በቅቤ የሚጠጣ አካባቢ ያለን እኛ ግን ይገባናል።

የአራት ኪሎዋ

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ያንን የማቅጠን ዘዴ ነገ ነው የምሞክረው፤ እኛ ቤት አባቴ ወፍራም፣ እኔ ቀጭን ስለምንጠጣ ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው። ከቦንጋ ወዲህ፣ አረንጓዴው ስለተንተከተከ ነው ያልከው፣ ታዲያ በስንት ሙቀት ነው የሚዘጋጀው? ቤታችን ቴርሞሜትር የለም።

ፊዚክስ መምህር

ይሄ የኔ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም በቶሎ ይፈላል። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይደለም፤ በ92 ገደማ ነው። እሳቱን ብትጨምሪም ውሃው ክፍት ድስት ውስጥ እስካለ ከዚያ አይበልጥም፤ መትነኑ ነው የሚፈጥነው።

ይሄ ለሻይ ምን ማለት ነው? የሻይ ማሸጊያ ላይ "የፈላ ውሃ ጨምረህ ሦስት ደቂቃ ቆይ" የሚለው የተጻፈው ዝቅ ያለ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው። ጥቁር ሻይ ወደ መቶ የተጠጋ ውሃ ይወዳል። እዚህ በከረጢቱ ያለውን ሻይ ኩባያ ውስጥ ነክረው የሚጠጡ ሰዎች "ቀጭን ነው፣ ጣዕም የለውም" የሚሉት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እናቶቻችን ጥቁሩን ሻይ በራድ ላይ ጥደው ማፍላታቸው ለከፍታችን ልክ ነው! ካላፈላሽ ደግሞ ክዳን ክደኚና አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሪለት።

አረንጓዴው ግን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ነው የሚበቃው። ሙቀቱ ሲበዛ የሚመረውና አፍ የሚያደርቀው ነገር በብዛት ይወጣል፤ ሙቀቱ ሲቀንስ ግን እሱ በዝግታ ይወጣና ጣፈጥ የሚለው ይጎላል። የአጎትሽ ልጅ የቀመሰው እሱን ነው። ያለ ቴርሞሜትር እንዲህ አድርጊ፦ ውሃው ይፍላ፣ ከእሳት ይውረድ። ባዶ ብርጭቆ ላይ ቅጂው፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ራሱ ሙቀቱን በአስር ዲግሪ ገደማ ይቀንሰዋል። ትንሽ ጠብቂ። ከዚያ ቅጠሉ ላይ አፍስሺ፤ ሁለት ደቂቃ አይለፈው፣ አጥልዪው። ቅጠሉን አትጣዪ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ውሃ ይቀበላል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከኢስታንቡል

"የቡና አገር ስለሆንን ሻይ አንችልበትም" የሚለው ላይ አንድ ልበል። እዚህ ቱርክ የቡና አገር ነበረች፤ ቡና በመላው አውሮፓ የታወቀው ከእነሱ ነው። ቡናው የሚመጣው ግን ከየመን ነበር፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመን ከእጃቸው ወጣች፣ ቡና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ነገር ሆነ። መንግሥት ፊቱን ወደ ሻይ አዞረ። በ1924 ጥቁር ባሕር ዳር ሪዜ የሚባለው ዝናባም አውራጃ ሻይ እንዲተከል ሕግ ወጣ፣ በ1947 የመጀመሪያው ፋብሪካ እዚያው ተከፈተ። ዛሬ በነፍስ ወከፍ ሻይ በመጠጣት ከዓለም አንደኛ ናቸው፤ በዓመት ሦስት ኪሎ ገደማ ደረቅ ሻይ ለአንድ ሰው ማለት ነው። አንድ ትውልድ በሚያህል ጊዜ ውስጥ የሕዝብ ልማድ ተቀየረ።

አዘገጃጀታቸው ጋሼ ከጻፉት ይቀራረባል። ሁለት ማንቆርቆሪያ አንዱ ባንዱ ላይ ይጣዳል፣ ታች ውሃ፣ ላይ ወፍራም ሻይ፣ በእንፋሎቱ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ቀስ እያለ ይበስላል። ወገቡ ቀጠን ባለ ትንሽ ብርጭቆ ነው የሚቀዳው፤ ወተት የለም፣ ቅመም የለም።

ሌላ ደግሞ ስሪላንካ አለች። እዚያ የሚበቅለው ቡና ነበር፤ ዘሩ አረቢካ፣ መነሻው የእኛው አገር። በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው በሽታ ገባና እርሻውን ጠራርጎ ጨረሰው። ጄምስ ቴይለር የሚባል ስኮትላንዳዊ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1867፣ ሉልኮንዴራ በሚባል እርሻ ላይ ሻይ ተክሎ ነበር፤ ቡናው ሲሞት ሁሉም ወደ ሻይ ዞረ። የስሪላንካ ሻይ ዛሬ ይሄን ያህል የታወቀው ቡናው ስለታመመ ነው። የቡና አገር መሆን ሻይ አይከለክልም እህቴ።

የመርካቶ ሻይ ቤት

ሁላችሁም ጥሩ ጻፋችሁ፣ ግን የእኛን ነገር ቶሎ አለፋችሁት። እኔ ያደግኩት እናቴ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ጫኝና አውራጅ፣ ሹፌር፣ ተማሪ፣ ሁሉም የሚገባው እዚያ ነው፤ ቡና ለማፍላት ጊዜ ለሌለው ሰው ሻይና ቦምቦሊኖ ቁርሱ ነው። እናቴ ቀረፋውን ሳትፈጭ በእንጨቱ ነበር የምትጨምረው፣ ቅርንፉዱን ጥቂት ብቻ፣ ምክንያቱም ከበዛ ምላስ ያደነዝዛል። ቅጠሉን ውሃው ከፈላ በኋላ ነው የምትጨምረው እንጂ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አትጥደውም። አንዳንዱ ሻይ ቤት የጠዋቱን እስከ ማታ እያፈላ ቅጠል ይደራርብበታል፤ ያ ሻይ መሮ መሮ በስኳር ነው የሚሸፈነው። ልዩነቱ ቅመሙ ላይ አይደለም፤ በየጊዜው አዲስ መፍላቱ ላይ ነው።

ሌላ የእኛ ነገርም አለ። ሻይና ቡና ባንድ ብርጭቆ የሚጠጣው ስፕሪስ አለ። ደጋ አካባቢ ጦስኝ የሚገባበት አለ፣ ሌላ ቅመም አያስፈልገውም። ሐረር ቁጢ አለ፣ የቡና ቅጠል ደርቆና ታምሶ የሚፈላ፤ ከሻይ ተክል ባይሆንም ሻይ ሳይገባ በፊት ቅጠል አፍልቶ መጠጣት እናውቅ ነበር ማለት ነው። ካርቱም የኖራችሁ ደግሞ መንገድ ዳር በርጩማ አስቀምጠው ሻይ የሚሸጡትን ሴቶች ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቹ የእኛና የኤርትራ ልጆች ነበሩ። ዝንጅብሉን፣ ቅርንፉዱን፣ ናናውን በየጠርሙሱ ደርድረው ለእያንዳንዱ ደንበኛ እንደ ፍላጎቱ ይቀዱ ነበር። የሱዳኑ ጦርነት ያንን ሁሉ በተነው፤ ልባቸው የተሰበረ ስንት እህቶች አሉ።

ነርሷ

በመሃል አንድ የጤና ነገር ላስገባ፣ ምክንያቱም ማንም አላነሳውም። ሻይ ውስጥ ያለው አፍ የሚያደርቀው ነገር ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን አይረን ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። እኛ ምግባችን ጤፍ፣ ምስርና ጎመን ነው፤ አይረኑ በብዛት ከዚያ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ምግብ እየበሉ ሻይ መጠጣት፣ ወይም እንደበሉ ወዲያው መጠጣት፣ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ደም ማነስ ላለባት ሴት ጥሩ አይደለም። አንድ ሰዓት ያህል አራርቁት። ትንንሽ ልጆችን ዳቦ በሻይ እየነከሩ ማብላት የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ቡናም ያው ነው። ሻይ አትጠጡ አላልኩም፣ እኔም ሻይ ወዳጅ ነኝ፤ ሰዓቱን ለዩት ነው የምለው።

የአራት ኪሎዋ

አረንጓዴውን መምህሩ እንዳለው ውሃውን አቀዝቅዤ ሞከርኩት። አይመርም! ቀለሙ ራሱ ሌላ ነው፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ። ሁለተኛው ውሃ ነው እኔን የጣመኝ። ለጥቁሩ ግን ቀረፋዬን አልተውም፣ ሳራ ያለችው ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ ፓኬቱን ከከፈትኩት በኋላ የት ነው የማስቀምጠው? አሁን ያለው ከሌላው ቅመም ጋር ነው።

ከቦንጋ ወዲህ

ዛሬውኑ አውጪው! ሻይ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይመጥጣል። ቻይኖች የጃስሚን ሻይ የሚሠሩት በዚህ ጠባዩ ነው፤ ማታ ትኩስ አበባና ደረቅ ቅጠል አንድ ላይ ያሳድሩታል፣ ጠዋት አበባው ይለቀማል፣ ሽታው ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል፤ ጥሩው ሻይ ይሄ ብዙ ሌሊት ይደጋገምለታል። አንቺ ዘንድ ደግሞ በርበሬና ኮረሪማ ይገባበታል። ክዳኑ ጥብቅ ያለ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጊው፣ ብርሃንና እርጥበት አያግኘው፣ ከምድጃውም ይራቅ። ፍሪጅ አያስፈልገውም። አረንጓዴው ቶሎ ነው የሚደክመው፣ ስለዚህ ለእንግዳ ብለሽ አታቆዪው፣ ጠጪው።